መብራት ጠፍቶ የተጻፈው ገጽ

ነቀምቴ ውስጥ ሸዋጌጥን የማያውቃት ሰው ካለ፣ በዕድሜው ማመልከቻ አስጽፎ የማያውቅ ዕድለኛ መሆን አለበት። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና» ተብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፏል። ጽሕፈቱ የሸዋጌጥ ነው፤ ጥገናው የመርጋ። ሁለቱ ያቺን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሲካፈሉ አንድ ቀን በደህና ተስማምተው አያውቁም፤ አንድ ቀንም ተኳርፈው አላደሩም።

የሸዋጌጥ አባት ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አርጅታለች። አረጀች ማለቴን ብትሰማ ታኮርፈኛለች፤ ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ታይፕ ያስተማሯት ወይዘሮ ዓባይነሽ የሚባሉ ኃይለኛ ሴት ነበሩ፤ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ሰው እያጻፈሽ ሳለ እጅሽን እንዳታነሺ! የተሳሳተው በኋላ ይታረማል፤ የተቋረጠ ሰው ግን ሐሳቡን መልሶ አያገኘውም» ይሉ ነበር። እጇን ካነሳች ጣቷን በማስመሪያ ቸብ ነው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ የሸዋጌጥ ጣቶች ማረፍ የሚባል ነገር አያውቁም። የሰሙትን ሁሉ ይጽፋሉ። ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮኑ ያወራውን ጉልበቷ ላይ ትጽፈዋለች። ቅዳሴ ላይ ቆማ ጣቶቿ ነጠላዋ ውስጥ ሲርመሰመሱ ያዩ ሴቶች መቁጠሪያ የያዘች መስሏቸው ያደንቋታል። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ሳህሉ በሕይወት ሳለ፣ ተኝታ ጀርባው ላይ ስትተይብ ታድር ነበር። ጠዋት ሲነሳ «ዛሬ ደግሞ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ያመለከትሽብኝ?» ይላታል። ከኪራሙ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ያጡትን አንድ በአንድ እየጠሩ ሲያጽፏት፣ የሰውዬው ቤትና በሬ፣ የተወው የአባቱ መቃብር፣ ሳምንት ሙሉ ከጣቷ አይወጣም። እጇን ታጥባም አይወጣም።

እንግዲህ ሼህ ሙዘሚል የመጡት ወደዚች ሴት ነው።

ሼህ ሙዘሚል ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ማታ ማታ ልጆችን ቁርኣን ያስተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶባቸው፣ ሰውን በጥላው የሚለዩበት ጊዜ ላይ ደርሰዋል። አንድ ማክሰኞ ከባጃጅ ወርደው በሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ገቡና፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

«የአባቴ ግጥም ነው። በአረብኛ ነው» አሏት። «አባቴ ይቀኛሉ፣ ሙህዲን የሚባል ጎረቤታችን ይጽፍላቸዋል። የመጨረሻውን ቅጠል ምስጥ በልቶታል። እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከእኔ በቀር የያዘው ሰው የለም። ዓይኔ ሳይጨልም፣ እኔም ሳልሄድ ጻፊልኝ።»

«አባባ፣ እኔ አረብኛ መቼ አውቄ!»

«እኔ አውቃለሁ። አንቺ ጣት አለሽ አሉ።»

እንዲህ ተብላ ሴትዮዋ እምቢ ትላለች? አላለችም።

መርጋ አረብኛውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነላት። ወይ ጉድ! በ ስትል ሁለት ፊደል ተያይዞ ይወጣል፣ ሰ ስትል የት እንደተደበቀ አይታወቅም፣ መስመሩ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሸሻል፣ መሐሉ ላይ ቁጥር ከጻፈች ደግሞ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይዞራል። «ይሄን ኪቦርድ የደረደረው ሰው ፊደሎቹን ከጆንያ ነው የዘረገፋቸው» ብላ ተቆጣች። እውነት ለመናገር አረቦቹ ለምደውታልና ምንም አይሉም፤ የእሷ ጣቶች ግን ድምፅ ሰምተው ነው የሚሮጡት። የድምፁ ቤት ካልታወቃቸው አይንቀሳቀሱም።

መርጋ ራሱን እያከከ ሦስት ቀን ኢንተርኔት ሲያስስ ቆየና፣ የራስን ኪቦርድ የሚያሠራ ፕሮግራም አወረደላት። ስትከፍተው ባዶ ቁልፎች ተደርድረው መጡ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የምትፈልገውን ፊደል ታስቀምጣለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ትጭነዋለህ፤ በቃ ያንተ ነው። ሸዋጌጥ ያን ባዶ ገበታ ስታይ ልቧ ሞቅ አለ። ጎጆ እንደወጣች ሙሽራ እየተዟዟረች ታየው ጀመር።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ማክሰኞና ሐሙስ ሼሁ አጠገቧ ተቀምጠው አንድ ፊደል ይጠራሉ፣ ከጉሮሮ ነው፣ ከምላስ ጫፍ ነው እያሉ ያስረዳሉ፤ እሷ ቤቱን ትሰጠዋለች። ቀላሉን ድምፅ ተራ ቁልፍ ላይ፣ ከባዱን ወይም ዘመዱን ድምፅ እዚያው ቁልፍ ላይ ግን በትንሿ ጣት ሺፍት ተደግፎ። ከፊደል በላይና በታች የሚቀመጡትን ምልክቶች ወደ ቁጥሮቹ ረድፍ ወሰደቻቸው። አንድ ቀን ሼሁ ሳቅ አሉና፣ አረብኛ ገ የሚባል ድምፅ እንደሌለው ነገሯት። «የእኛ ሽማግሎች ግን አያቅታቸውም፤ የአገራችንን ስም ሲጽፉ ከ የሚባለውን ፊደል ነጥብ አልብሰው ገ ያደርጉታል።» ሸዋጌጥ ለዚያችም ፊደል ቁልፍ ሰጠቻት። ግጥሙ ውስጥ አንድም ቦታ አልመጣችም፤ ቤት ይዛ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ያን ሰሞን ሕልሟ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር። የነቀምቴ ዳገት ላይ ፊደሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወርዱ ታያለች። መሐላቸው ሳህሉ ቆሞ «እኔንስ በየትኛው ቁልፍ አስቀመጥሽኝ?» ይላታል። ጠዋት ስትነሳ ሆድ ይብሳታል፤ ግን ደስ የሚል ሆድ መባስ ነው።

አንድ ኪቦርድ በቅቷት ቢሆን ጥሩ ነበር። የሼሁ ልጅ ፈይሩዛ አስተማሪ ናት፤ የተማረችው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ስለሆነ የአረብኛውን ፊደል ማንበብ አይሆንላትም። «የአያቴን ግጥም በማውቀው ፊደል ላንብበው፤ ድምፁ ግን ሳይጎድል» አለች። ስለዚህ ሸዋጌጥ ሁለተኛ ኪቦርድ ሠራች። ይኼኛው የላቲን ፊደል ሆኖ፣ ለከባዶቹ ከሥራቸው ነጥብ፣ ለረጃጅሞቹ ከላያቸው ጭረት ያደርጋል። መጀመሪያ ታትሞ ሲወጣ ነጥብ ያለው ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። ፈይሩዛ ወረቀቱን ይዛ «አያቴ የተቀኙት ስለ ካርቶን ነው እንዴ?» ብላ መርጋን በሳቅ ገደለችው። የፊደሉን ዓይነት ቀየሩትና ተስተካከለ።

ሼሁም እንደ ልጅ ሆነው «ስሜን ራሴ ልጻፍ» ማለት ጀመሩ። ሸዋጌጥ በየቁልፉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገች፤ ሲደርቅ ለጣት የሚሰማ እብጠት ሆነ። አንዱ ፊደል አንድ ጠብታ፣ ሌላው ሁለት፣ አንዱ መሐሉ ላይ፣ አንዱ ጠርዙ ላይ። ሽማግሌው በአንድ ጣት እየዳበሱ ሙዘሚል ብለው ጻፉና «ዓይን ምን ያደርጋል!» አሉ። አንጀቷን በሏት።

ሥራው እንዲህ ሆነ፤ ሼሁ ጽሑፉን ባያዩትም ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በቃላቸው ይላሉ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ማታ የመስጊዱ መምህር ከደብተሩ ጋር ያስተያያል። እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ሼሁ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «ገባ?» ይላሉ። «ገባ፣ አባባ» ትላለች። በየግጥሙ መጨረሻ ላይ የሙህዲን ስም ይመጣል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ወጉ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የተቀኘው ስሙ በግጥሙ ይታወቃል። የጻፈው እጅ ግን እንዳይረሳ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ተጠርቶ ዱዓ ይደረግለታል።» ሸዋጌጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ አንድ ቀን ስሟን ከታች ያደረገላት ሰው እንደሌለ ትዝ አላት። ወዲያው ደግሞ «ምን ሊያደርግልኝ!» ብላ ተወችው።

ክረምቱ ሲገባ ደብተሩ አለቀ። በምስጥ የተበላችው ቅጠል ቀረች። አሥራ ሁለት መስመር ናት።

ያን ማክሰኞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሼሁ ለሶላት እንደሚታጠቡት ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ለብሰው መጡ። አባታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሚሸኙ ያህል ነበር። ሁለት መስመር እንዳሉ መብራት ድርግም አለ። ባትሪው ድሮም በሽተኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚጮኸውን ደወሉን ደግሞ መርጋ «ጩኸቱ ሰለቸኝ» ብሎ ነቅሎታል። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ሸዋጌጥ አፏን ልትከፍት ነበር። ቀና ስትል የሼሁ ጉንጭ ላይ እንባ ይወርዳል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ ቃሉ አንዱ አንዱን እየጎተተ ይወጣል። የወይዘሮ ዓባይነሽ ማስመሪያ ትዝ አላት። እጅሽን እንዳታነሺ! ሐሙስ አስደግማቸዋለሁ ብላ ለራሷ ነገረችና፣ የሞተውን ኪቦርድ መምታት ቀጠለች። ሽማግሌው የቁልፉን ድምፅ ከሰሙ ይበቃል።

አሥረኛው መስመር ላይ መርጋ ከዝናብ ሮጦ ገባ። «ኢብሳን በዴራ! መብራት የለም እኮ፣ አዴ ሸዋጌጥ!» አለ። እሷ በዓይኗ አፈጠጠችበት። ሼሁ ጥቂት ዝም አሉና፣ ቀጠሉ። መርጋ ደግሞ የማይረባ! ጠጋ ብሎ ትከሻዋን ነካና «ምኑን ነው የምትደበድቢው?» ብሎ ጮክ አለባት። እጇን አንስታ ወደ በሩ ገፋችው። ከዚያ ተመልሳ የመጨረሻዋን መስመር ጻፈች።

«ገባ?» አሉ ሼሁ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

«ገባ፣ አባባ።»

«አልሐምዱ ሊላህ» ብለው እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ። ሐሙስ ሩቅ አይደለም ብላ ውሸቷን ዋጠችው።

ሐሙስ ሼሁ አልመጡም። ዓርብ ፈይሩዛ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። አባቷን ረቡዕ ስትሮክ መቷቸው፣ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ምላሳቸውም ተይዟል። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል። «ይሰማል፤ መናገር ግን አይችልም» አለች። «ማክሰኞ ማታ ግን ደስ ብሎት ነበር፣ አዴ ሸዋጌ። የመጨረሻዋም ቅጠል እጇ ላይ አለች፣ ሄደሽ ተቀበዪ ብሎኛል። አጠገቡ ተቀምጬ ላንብብለት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሸዋጌጥ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን «ገና አላተምኩትም፤ ማክሰኞ ነይ» የሚል ነበር።

ልጅቷ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «መርጋ፣ የሰው አባት ቃል ገደልኩ» አለች። በዓለም ላይ ያን ቅጠል የያዘው አንድ ምላስ ብቻ ነበር፤ እሱም ተያዘ።

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ሞከረች። ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ለማስታወስ ስትታገል፣ ጣቷ የሚያመጣው «ጉዳዩ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ስለመጠየቅ» ነው። አንድ ፊደል ትጽፋለች፣ ዓይኗ ያየዋል፣ ልክ ነው አይደለም ትላለች፣ ሁሉም ይበተናል። ዕንባዋ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዝናቡ እንደ ባለፈው ወረደ። መርጋ ብዙ ሲያያት ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቁም ነገር ተናገረ። «አዴ ሸዋጌጥ፣ ያን ቀን እኮ ስክሪን አልነበረሽም» አለና እጁን ሰዶ ስክሪኑን ብቻ አጠፋው። በሩን ገርበብ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ደንበኛ ሲመጣ «ጸሎት ላይ ናት» እያለ ይመልሳል።

ሸዋጌጥ ዓይኗን ጨፈነች። ቆርቆሮው ይንጫጫል። እንቅልፍ ይሁን ሰመመን አላወቀችውም፤ ዳገቱ ላይ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፣ የሽማግሌው ድምፅ ከኋላቸው እየነዳቸው። እሷ ምንም አላደረገችም። ጣቶቿ ቤት ለቤት ሄዱ፤ ከባዱ ጋ ትንሿ ጣት ራሷ ሄዳ ሺፍቱን ደገፈች። መስመሩ ሲያልቅ ጣቷ ይቆማል፣ ገባ የሚለውን ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ድንገት ቀኝ እጇ ብድግ አለና በባዶው አየር ላይ ሰው ገፋ። ዓይኗን ገለጠች። እጇን መልሳ የመጨረሻዋን መስመር ጻፈች።

መርጋ ስክሪኑን አበራ። አሥራ ሁለት መስመር! አሥራ አንደኛው ግን ወገቡ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

የመስጊዱ መምህር ወረቀቱን አነበበ። ከሁለት ቦታ የፊደል ግድፈት በቀር ቤት የሚመታ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ግጥም ነው አለ። የተቆረጠውንም ተረጎመላቸው፤ «ጌታዬ፣ ቃሌን ከመጥፋት ያዳነችውን እጅ አትርሳት፤ እሷም እጅ ናት የ» ይላል፣ ከዚያ ባዶ ነው። «የጸሐፊው ስም የሚጠራበት ቦታ ነው» አለ መምህሩ። «ሙህዲን ነው የሚሆነው፤ ጻፉበት።»

ሸዋጌጥ ግን እምቢ አለች። «ያልሰማሁትን አልጽፍም። እሳቸው ይሰማሉ አይደል? ይጠየቁ።» እውነቱን ደግሞ መናዘዝ ነበረባት።

መምህሩ እያነበበላት በሁለተኛውም ኪቦርድ ጻፈችውና፣ ከፈይሩዛ ጋር የመርጋን ላፕቶፕና ያን ጠብታ ጠብታ ያለበትን ኪቦርድ ይዛ ሄደች። ሼሁ መስኮት ሥር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ፈይሩዛ አጠገባቸው ተቀምጣ በነጥብና በጭረት ከተጻፈው ላይ አነበበችላቸው። የአያቷ ግጥም ከልጅ ልጅ አፍ ሲወጣ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

ሸዋጌጥ ኪቦርዱን ደረታቸው ላይ አስቀመጠች። «አባባ፣ እዚህ ጋ አንድ ስም ጎድሎኛል» አለች። «ሙህዲን ነው?»

ግራ እጃቸው ተነሳ። ጠቋሚ ጣታቸው ጠብታዎቹን ዳሰሰ። ሸዋጌጥ የአረብኛ ፊደል ማንበብ አትችልም፤ የቁልፎቹን ቤት ግን በጨለማም ታውቃለች። ጣቱ ወደ መ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። ወደ ሰ ሄደ፤ አውራ ጣታቸው ሺፍቱን ፈልጎ አገኘ። ሸ። ቀጥሎ ወ። ቀጥሎ ረጅም መስመር የመሰለችው የመጀመሪያዋ ፊደል፣ አ። ከዚያ ጣቱ ብዙ ዞረ፣ ብዙ ዳሰሰ፣ ቤት ከያዘች ጀምሮ ማንም ነክቷት የማያውቀውን ያቺን ነጥብ የለበሰች ቁልፍ አገኘና ተጫናት። ገ።

ሸዋጌጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የቀረውን አላየችም፤ እንባዋ ጋርዷት ነበር።

«አባባ» አለች ስትችል፣ «እኔ እኮ ዋሽቼዎታለሁ። ያን ቀን መብራት አልነበረም። የምደበድበው የሞተ ኪቦርድ ነበር።»

ፈይሩዛ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ያን ማታ ሲገባ ምን አለኝ መሰለሽ? መብራቱ ሄደ፣ እጇ ግን አልሄደችም አለኝ። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ለካ ሰምተዋል! መርጋ ሲጮህ ሰምተው ነው ጥቂት ዝም ያሉት። እሷ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጣ ስታታልላቸው፣ እሳቸው የሙህዲንን ስም አንስተው የእሷን አስገብተው ነበር፣ የመርጋ ጩኸት ሸፈነባት እንጂ፤ ቃሌን ከመጥፋት ያዳነች ብለው፣ ቃሉ ገና ከመጥፋቱ በፊት።

ሼሁ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱና ጭንቅላታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ጤነኛው ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ከፍ አለ።

«ገባ፣ አባባ» አለች ሸዋጌጥ።